ሁለት እንጨት፣ አንድ ቀለም

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሠሩት ቁም ሳጥኖችና የኩሽና ካቢኔቶች ብዙዎቹ ከአንድ እንጨት አይወጡም። ክፈፉ ግራቪሊያ ወይም የፈረንጅ ጽድ፣ የበሩ ሆድ ቬኒር የተለበጠ ኤምዲኤፍ፣ ጀርባው ኮምፔንሳቶ ይሆናል፤ ደንበኛው አጥብቆ ከጠየቀም ከፊት ለፊት ዋንዛ ይገባበታል። ደንበኛው የሚፈልገው ግን አንድ ቀለም ነው። ድሮ አሮጌ ዕቃ የሚጠግን ባለሙያን ብቻ ያስጨንቅ የነበረው ቀለም የማመሳሰል ሥራ፣ አሁን የእያንዳንዱ አናጢ የዕለት ጣጣ ሆኗል።

ምክንያቱ ይታወቃል። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ የአገሩን በርና መስኮት፣ አልጋና ሳጥን ተሸክመው ኖረው ተመናመኑ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 አራቱንም በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ። ክፍተቱን የሞሉት ቶሎ የሚደርሱት ግራቪሊያ፣ የፈረንጅ ጽድ፣ ፓቱላና ባሕር ዛፍ፣ ከውጭም የሚገባው ኤምዲኤፍ ናቸው። እንጨቱ ተለወጠ፤ የሰው ምኞት ግን ዛሬም የዋንዛ ቀለም ነው።

አንድ ቆርቆሮ ቀለም ሁለት ዓይነት እንጨት ላይ ሲቀባ ሁለት ቀለም ይሰጣል። ዋንዛ ገና ሲላግ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፤ ብርሃን እያገኘ ሲሄድ ይጠቁራል። ዝግባ ወደ ቢጫ ያደላል፣ መስመሩም እምብዛም አይታይም። የጽድ ግንድ መሃሉ ቀላ ያለ፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ክፍል ደግሞ ነጣ ያለ ስለሆነ አንዱን ጣውላ ከራሱ ጋር ማስታረቅ ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ፓቱላ ነው። ለስላሳው የቀለበቱ ክፍል ቀለሙን ጠጥቶ ይጠቁራል፣ ጠንካራው ግን አይቀበልም። ስለዚህ ፈዛዛው መስመር ጥቁር፣ ጥቁሩ ፈዛዛ ሆኖ መልኩ ይገለበጣል።

በላይ ስለሚደረበው ልባስ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ ዕድሜ ሲጨምር ቢጫ ይሆናል፣ በውኃ የተሠራው ግን ጥርት እንዳለ ይቆያል። አንዱን በር በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው መቀባት የማመሳሰልን ልፋት ያጠፋል። ከዚህ የተረፈው የጥንካሬና የዋጋ ጉዳይ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ቀለሙ ራሱ ነው። ቆርቆሮው ሳይነካ ሲቆይ ከሥር የሚዘቅጠው ዱቄት ቀለም ነው፤ በእንጨቱ ቀዳዳና ጭረት ውስጥ ያርፋል፣ ለብርሃንም ይጸናል። የሚሟሟው ቀለም ግን ከእንጨቱ ጋር ተዋህዶ መስመሩን አጉልቶ ያሳያል፤ ጉድለቱ ፀሐይ ስታገኘው መፍዘዙ ነው። ለዚህኛው በር የከፈተው እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ ፐርኪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 በ18 ዓመቱ የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ለመሥራት ሲሞክር ወይን ጠጅ ማቅለሚያ አገኘ። አሜሪካዊው ጉስታቭ ስቲክሊ ደግሞ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ የኦክ ዕቃዎቹን በአሞኒያ ጭስ አጥኖ ያጠቁር ነበር። አሞኒያው የሚሠራው በእንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ተዋህዶ ስለሆነ፣ ታኒን የሌለው እንጨት አጠገቡ ቢቆም ቀለሙ አይለወጥም። የመስኩ ትልቁ ትምህርት እዚህ አለ፦ ቀለሙን የሚወስነው ቆርቆሮው ብቻ ሳይሆን እንጨቱም ጭምር ነው።

ጥሩ ባለሙያ ስለዚህ በአንድ ምት አይጨርስም። መጀመሪያ ሁለቱንም እንጨት በቲነር ያረጥባል፤ እርጥቡ መልክ ጥርት ያለ ላከር ሲቀባ የሚመጣውን ያሳየዋል። ፈዛዛውን ወደ ጥቁሩ ያመጣል እንጂ ጥቁሩን ለማንጣት አይታገልም። ሰፊውን ገጽ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ፣ ቀለም የሚጠጣውን የጣውላ ጫፍ በ320 ያለሰልሳል። ፓቱላ ከሆነ ቀድሞ ቀጭን ሼላክ ይቀባዋል፤ በአንድ ሊትር አልኮል 120 ግራም ያህል ይበቃል። ከዚያ በሚሟሟ ቀለም መሠረቱን ይጥላል፣ በስሱ ያሽጋል፣ በዱቄት ቀለም መስመሩን ያጠቁራል፣ በመጨረሻም ጥርት ያለ ልባስ ያለብሳል። ቀለሙ ቀይ ከበዛበት ጥቂት አረንጓዴ ጠብ በማድረግ ያበርደዋል።

ጭቅጭቁ የሚነሳው ከአቋራጩ ላይ ነው። ላከር ውስጥ ቀለም በጥብጦ በስፕሬይ መንፋት ፈጣን ነው፤ አምስት ዓይነት እንጨት በአንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ዓይነት ይሆናል። ደጋፊዎቹ ደንበኛ ጊዜም ገንዘብም እንደሌለው ይናገራሉ፣ እውነታቸውን ነው። በስሱ ተነፍቶ የመጨረሻዋን ልዩነት ሲያስተካክል እኔም እደግፈዋለሁ። ዋናው ሥራ ሲሆን ግን መስመሩን ይሸፍናል፤ ላከሩ ሲቧጨርም ቀለሙ አብሮ ተልጦ ከሥሩ ያለው ነጭ እንጨት ይወጣል። መሸፈን ማመሳሰል አይደለም። ከዚህ የሚብሰው በዚህ መንገድ የጠቆረ ባሕር ዛፍ «ዋንዛ ነው» ተብሎ በዋንዛ ዋጋ ሲሸጥ ነው። ባሕር ዛፍ የሚያሳፍር እንጨት አይደለም። ስሙን መደበቅ ግን ገዢውን ማታለል ነው፣ የባለሙያውንም ጥበብ ያረክሳል።

አዲሱ ፈተና አምፖሉ ነው። ሁለት የተለያዩ ቅልቅሎች በቀን ብርሃን አንድ መስለው ማታ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ይህም ሜታሜሪዝም ይባላል። የድሮው አምፖል ብርሃን 2700 ኬልቪን አካባቢ ሆኖ ቢጫነቱ ቀዩንና ቡናማውን ያሞቅ ነበር። ዛሬ ሳሎን ውስጥ ያለው ኤልኢዲ ብዙ ጊዜ 6500 ኬልቪን ሲሆን ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ጥራቱ ዝቅ ያለ ከሆነም ቀይ ቀለምን ያጎድላል። ደጅ ላይ በፀሐይ የተመሳሰለ ካቢኔት ቤት ገብቶ ቢለያይ ሁልጊዜ የባለሙያው ስንፍና አይደለም።

ጊዜም አለ። ዋንዛው በየዓመቱ እየጠቆረ፣ አጠገቡ በሚሟሟ ቀለም የተቀባው ግራቪሊያ እየፈዘዘ ከሄደ፣ የርክክቡ ዕለት አንድ የነበሩት ሁለቱ ጎኖች መስኮት አጠገብ ሲቆዩ ይለያያሉ። ስለዚህ ግቡ ሁለቱን ፍጹም መንትያ ማድረግ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ የራሱን መስመር እያሳየ እንዲስማማ ማድረግ ነው። መስኮት ዳር ለሚቆም ዕቃ ደግሞ የዱቄት ቀለሙን ድርሻ ማብዛት ይሻላል።

ይህን ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አናጢው ከእያንዳንዱ እንጨት ቁራጭ ላይ ሁሉንም ንብርብር ጨርሶ ናሙና ይሥራ፣ ደንበኛው ወደ ቤቱ ወስዶ ቀንም ማታም በራሱ መብራት ይየው፣ ከዚያ ይስማሙ። ደረሰኙ ላይም የእንጨቱ እውነተኛ ስም ይጻፍ። ፓቱላና ግራቪሊያ በስማቸው ተሸጠው የሚወደዱት ያን ጊዜ ነው፤ የቀረው ዋንዛም የሚተርፈው እንዲሁ ነው።