በሁለተኛው ገጽ ላይ የሚጻፈው

ትዳር ፈላጊዎችን በምናገናኝበት በአዲስ አበባው ጽሕፈት ቤታችን የሚሞላው ቅጽ ሁለት ገጽ ነው፤ ስምና ዕድሜን፣ ሃይማኖትንና የትምህርት ደረጃን፣ ቁመትንና ጠይምነትን ወይም ቅላትን የሚጠይቀውን የመጀመሪያውን ገጽ ባለጉዳዩ ሁሉ እንደ ቆመ ይጨርሰዋል፤ «ጠባይዎንና በኑሮዎ የሚያከብሩትን ነገር በራስዎ ቃል ይግለጹ» ከሚለው ከሁለተኛው ገጽ ሲደርስ ግን፣ በባንክ የሚሠራውም ሆነ በመርካቶ የሚነግደው፣ ብዕሩን ያስቀምጥና «እርስዎ ቢጽፉልኝስ?» ይለኛል።

በአባቶቻችን ሥርዓት ሙሽራው ስለ ራሱ ይናገር ዘንድ የጠየቀው አልነበረም፤ ሽማግሎች ተልከው፣ ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ፣ አጎቱና ጎረቤቱ፣ ሲሆንም የነፍስ አባቱ ሲመሰክሩለት፣ እርሱ ራሱ ከነገሩ ርቆ ይቀመጥ ነበር። ሰሎሞንም በመጽሐፈ ምሳሌ ምስጋና ከባለቤቱ አፍ ሳይሆን ከሌላ ሰው አፍ እንዲወጣ ስለ መከረ፣ ራስን ማወደስ ውዳሴ ከንቱ እየተባለ ሲነቀፍ ኖሯል። ከዚህ የተነሣ ሰው ስለ ራሱ በሰፊው ለመናገር ፈቃድ የነበረው በሁለት ስፍራ ብቻ ይመስለኛል፤ በዘመቻና በግብር አዳራሽ በፉከራ፣ በነፍስ አባቱም ፊት በኑዛዜ። በአንደኛው ጀግንነቱን ያለ ልክ ያገንናል፣ በሁለተኛው ኃጢአቱን ያለ ምሕረት ይቆጥራል፤ የትዳር ጓደኛ የሚፈልግ ሰው ግን ለማያውቀው ሰው፣ ሳይፎክርም ሳይናዘዝም፣ ራሱን በልኩ እንዲገልጽ ስለሚጠየቅ፣ ያልለመደው አንደበት ይጠፋበታል።

በእጄ ካለፉት ቅጾች አንዳንዶቹ እውነትም ፉከራ ናቸው፤ ጥቂቶቹም ጽሕፈት ቤቱን የንስሐ አባት አድርገው የቀድሞ ፍቺያቸውን ከነዝርዝሩ ያወርዱልኛል። የሚበዙት ግን ከሁለቱም ሸሽተው «ትሑት፣ እግዚአብሔርን የምፈራ፣ ቁም ነገረኛ፣ ቤተሰብ ወዳድ» በሚሉት ቃላት ይጠለላሉ። (አንድ ጎልማሳ ትሑት መሆኑ ከሌላው ጎልቶ በወፍራም ፊደል እንዲጻፍለት አጥብቆ ጠይቆኛል።) እነዚህ ቃላት ሐሰት ናቸው አልልም፤ ነገር ግን ቅጾቹ ቢደባለቁ የማን የማን እንደ ሆነ ባለቤቱ እንኳ ለይቶ አያውቀውም።

ስለዚህ እኔ ከቅጹ ወጥቼ፣ ሰውየው የሚወደውን ሳይሆን ለሚወደው ነገር ሲል የተወውን እጠይቃለሁ። ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር «ቤተሰብ ወዳድ» ብሎ ጽፎ ነበርና ደመወዙ ወዴት እንደሚሄድ ብጠይቀው፣ የቤት ኪራይ ከመክፈሉ አስቀድሞ በየወሩ ደብረ ማርቆስ ላለችው እናቱ እንደሚልክ፣ ካገባም በኋላ ይህን እንደማያቋርጥ ነገረኝ። ሴቶችን ያርቅብኛል ብሎ እየፈራ እንደ ተናገረው ጻፍሁለት፤ በእርግጥም አንዳንዶቹን አራቀ፣ እኔም ደስ አለኝ፤ በሁለተኛው ዓመት በዚሁ ነገር ከምትጣላው ሴት በሁለተኛው ገጽ ላይ መለያየት ይሻለዋልና። የሃይማኖቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ ሴቷም ወንዱም በመጀመሪያው ገጽ «ኦርቶዶክስ» ብለው ሲያበቁ፣ አንዷ በቁርባን ካልሆነ አላገባም የምትል፣ ሌላው በማዘጋጃ ቤት ፊርማ የሚበቃው ሆኖ ይገኛል፤ የቁርባን ጋብቻ በቀላሉ የማይፈታ ማሰሪያ ነውና ይህ ልዩነት ለሠርጉ ሰሞን የሚተው አይደለም።

ሕጉም ቢሆን በዚህ ረገድ ብዙ አይረዳም። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የተጋቢዎችን ነጻ ፈቃድ ግድ የሚል፣ በመሠረታዊ ስሕተት የተሰጠንም ፈቃድ የማያጸና ሲሆን፣ ትዕግሥተኛ ነኝ ብሎ ጽፎ ቁጡ ሆኖ የተገኘ ባል ግን በዚህ አንቀጽ አይያዝም።

ከቤይሩት የተመለሰች፣ በሰው ቤት ሠርታ ሦስት ታናናሾቿን ያስተማረች አንዲት ሴት «ጸጥተኛ ነኝ» ከማለት በቀር የጻፈችው አልነበረም። «ስትቆጪስ፣ ልጄ?» ብላት፣ «ስቆጣ አልናገርም፤ ቤቱን ከጣራ እስከ ወለል አጸዳለሁ፣ የታጠበውንም ልብስ ደግሜ አጥባለሁ» አለችኝ፤ ይህንኑ ጻፍሁት። በማግስቱ ወንድሟ መጥቶ፣ ቃሉ እኅቱን የሚያዋርድ መሆኑን እየገለጸ እንድሰርዘው ቢለምነኝ፣ እርሷ በስልክ «ይቆይ» ስላለች ቆየ። ቅጿን ያየው የመጀመሪያው ሰው፣ በዕድሜ የጠና መምህር፣ ስለ መልኳም ስለ ገንዘቧም ሳይጠይቅ ጥቂት አሰበና «ከታጠበ በኋላስ ትናገራለች ወይ?» አለኝ። መልሱን ከራሷ አፍ ይሰማ ዘንድ ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀጠርሁለት።