ለወባ ምርመራ የሰጡት ጠብታ ደም የት ይደርሳል?

«አንዲት ጠብታ ደም ለማየት ይህን ያህል ማስጠበቅ ምንድን ነው?» እኛ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ይህን ጥያቄ ለምደነዋል። መልሱ እነሆ፦

1. ዝግጅት፦ ደሙ ስላይድ ላይ በሁለት መልክ ይቀባል። ወፍራሙ ብዙ ደም ስለሚይዝ የወባ ተውሳክ መኖር አለመኖሩን ይነግረናል። ስሱ ደግሞ ዓይነቱን ያሳያል፤ ፋልሲፓረም ነው ወይስ ቫይቫክስ? ሕክምናቸው ስለሚለያይ መለየቱ ግድ ነው።

2. ቀለም፦ ሕዋስ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ቀለም ካልነካው በደንብ አይታይም። ጊምሳ የተባለው ቀለም የተውሳኩን ኒውክለስ ቀይ፣ ሳይቶፕላዝሙን ሰማያዊ ያደርገዋል።

3. ማጉላት፦ የማይክሮስኮፑ የዓይን ሌንስ 10 እጥፍ፣ ወደ ስላይዱ የሚቀርበው ሌንስ 100 እጥፍ ያጎላሉ፤ ሲባዛ 1000 እጥፍ። በሌንሱና በስላይዱ መካከል ዘይት ጠብ እናደርጋለን። አለዚያ ብርሃኑ ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ አቅጣጫውን ይስትና ምስሉ ይደበዝዛል።

4. መለየት፦ ማጉላት ብቻውን አይበቃም። የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ0.2 ማይክሮሜትር ገደማ ይበልጥ የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦችን እንደ አንድ ያያቸዋል። ቀይ የደም ሕዋስ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ስለሚሰፋ በውስጡ የተደበቀውን ተውሳክ እናያለን፤ አብዛኞቹ ቫይረሶች ግን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይፈልጋሉ።

ታዲያ ተውሳክ «አልታየም» ብለን ከመጻፋችን በፊት ቢያንስ 100 እይታዎችን አንድ በአንድ እናስሳለን። ያስጠበቅንዎ ለዚህ ነው።