የንጉሥ አደን፣ የሕዝብ ደን፦ የስቶክሆልም አሮጌ ዛፎች ለምን አይቆረጡም?

በስቶክሆልም ከተማ፣ በዩርጎርደን ደሴት ለሽርሽር የወጣ ሰው ግንዱ ለሦስትና ለአራት ሰው እቅፍ የሚበቃ፣ ውስጡ ግን ተቦርቡሮ ባዶ የሆነ የኦክ ዛፍ ያጋጥመዋል። ግማሹ ደርቋል፤ ቅርንጫፎቹም ወድቀው በሣሩ ላይ ተጋድመዋል። በመሬት እጦት በተጨነቀ ከተማ መካከል እንዲህ ያለው እንጨት ለምን አይነሣም የሚል ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። መልሱ ታሪክ፣ ሕግና ሥነ ሕይወት በአንድነት የሚገኙበት ነው።

ዩርጎርደን የሚለው ስም «የእንስሳት ግቢ» እንደ ማለት ነው። ንጉሥ ዮሐን 3ኛ በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አጋዘንና ሌሎች የዱር እንስሳትን በዚህ ስፍራ አኖሩ፤ በ1680ዎቹም ካርል 11ኛ ሰፊውን ቦታ በአጥር አስከልለው የአደን ሜዳ አደረጉት (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ተራው ሰው በዚያ ዛፍ መቁረጥም ሆነ ማደን አይፈቀድለትም ነበር።

ኦክን በተመለከተ እገዳው ከዚያም ቀደም ብሎ የወጣና አገር አቀፍ ነበር። ጉስታቭ ቫሳ በ1558 የኦክ ዛፍ ሁሉ የዘውዱ ንብረት እንዲሆን ደነገጉ፤ ምክንያቱም የጦር መርከብ የሚሠራው ከዚሁ ጠንካራ እንጨት ስለ ነበር ነው። በ1628 በመጀመሪያ ጉዞዋ የሰጠመችውና ዛሬ በዩርጎርደን በሚገኘው ሙዚየም የምትታየው «ቫሳ» መርከብ የኦክ ሥራ ናት። ገበሬው ግን በገዛ ማሳው የበቀለውን ዛፍ እንዳይነካ በመከልከሉ ኦክን ጠላው። በ19ኛው መቶ ዘመን እገዳው ሲላላ ብዙ አሮጌ ኦክ በየገጠሩ በመጥረቢያ ወደቀ። በቤተ መንግሥቱ ይዞታ የነበረው ግን ተረፈ። ነገሥታቱ ለራሳቸው ጥቅም የከለሉት መሬት፣ ሳያስቡት ለትውልድ የሚተላለፍ ቅርስ ሆነ።

ዛሬ ይህ መሬት ከሃጋና ከኡልሪክስዳል የቤተ መንግሥት መናፈሻዎች ጋር ተዋሕዶ የብሔራዊ የከተማ ፓርክ አካል ነው። ፓርኩ በ1995 በሕግ ሲቋቋም በዓለም የመጀመሪያው ነበር፤ ስፋቱም 27 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ስቶክሆልምን፣ ሶልናንና ሊዲንጎን ያካልላል። ሕጉ አዲስ ሕንፃም ሆነ መንገድ የሚፈቅደው የፓርኩን መልክዓ ምድር የማይሸራርፍ፣ ተፈጥሮውንና ታሪካዊ ቅርሱን የማይጎዳ ሲሆን ብቻ ነው። ከተማው መኖሪያ ቤትና መንገድ በሚሻበት ጊዜ ሁሉ ይህ አንቀጽ ለክርክር ይቀርባል። ብዙ ሙግት ያስነሣው የሰሜኑ የመኪና መንገድ በ2014 ሲከፈት አብዛኛው ርዝመቱ በመሬት ውስጥ ዋሻ የሚያልፍ ነበር።

ወደ ተቦረቦረው ግንድ እንመለስ። ኦክ በአብዛኛው ወደ ሁለት መቶ ዓመት ሲጠጋ ፈንገስ የውስጡን እንጨት ማብሰል ይጀምራል። ዛፉ በዚህ አይሞትም፤ ውሃና ምግብ የሚያመላልሰው ክፍል ከቅርፊቱ ሥር ስለ ሆነ ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቆም ይችላል። በውስጡ የሚጠራቀመው ብስባሽ ግን ሌላ ዓለም ነው። በመላው የአውሮፓ ኅብረት ጥበቃ የሚደረግለት አንድ ትልቅ ቡናማ ጢንዚዛ በዚሁ ብስባሽ ይራባል። እጩ ለዓመታት በዚያ ያድጋል፤ ወንዱም የበሰለ ኮክ የሚመስል ሽታ እየሰጠ ሴቷን ይጠራል። አብዛኞቹ ጢንዚዛዎች ከተወለዱበት ዛፍ ሳይወጡ ይሞታሉ፤ የሚወጡትም ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜትር አይርቁም። ስለዚህ አንዱ ዛፍ ሲያረጅ ተተኪው በቅርብ መገኘት አለበት። ሰንሰለቱ በመንገድ ወይም በሕንፃ ከተቆረጠ በሁለቱ ወገን ያሉት ይለያያሉ፤ ጥቂት የሆኑትም ቀስ በቀስ ይጠፋሉ።

ከዚህ የምንረዳው ግልጽ ነው፤ የሁለት መቶ ዓመት ዛፍ ቆርጦ በምትኩ ሁለት መቶ ችግኝ መትከል ካሣ አይሆንም። ችግኙ ዛሬ ቢተከል ጢንዚዛው የሚያስፈልገው ቤት የሚዘጋጀው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ማን ይቆያል?

ይህ ጉዳይ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን የዚሁ ታሪክ ወንድም ነው። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል፤ የኋላ ነገሥታትም ጠብቀውታል። በደቡብ ጎንደር ደግሞ እርሻ በሸፈነው ምድር ከጥንቱ ደን የተረፈው በአብዛኛው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ያለው ነው። አንዱን የንጉሥ አዋጅ፣ ሌላውን የምእመናን ክብር ጠበቀው።

ችግኝ መትከል መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ የቆመውን መጠበቅ ይበልጣል። የስቶክሆልም ነዋሪዎች የንጉሡ አጥር ከፈረሰ በኋላ በሕግ ሌላ አጥር ሠሩ። የእኛን አሮጌ ዝግባና ጥድ ነገ የሚጠብቀው አጥር ምን እንደሚሆን መወሰን የዚህ ትውልድ ፈንታ ነው።