ተጨማሪ መረጃ፦ የእጅ ሬዲዮ በድሬዳዋ

ሬዲዮው ደካማ ነው ብሎ ሌላ ከመግዛት በፊት የቆሙበትን ቦታ ማየት ይበጃል። የአማተር የእጅ ሬዲዮ ኃይል አብዛኛውን ጊዜ 5 ዋት ገደማ ነው። ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ኮረብታ ይጋርደዋል። ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው የሬዲዮ አድማሱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከሜዳው 100 ሜትር ከፍ ካለ ግን 40 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ቆሞ ከመጮህ ወደ ደንገጎ የሚወስደውን ዳገት ጥቂት መውጣት፣ ካልሆነም ፎቅ ጣሪያ ላይ መቆም ይሻላል። ኃይሉን በእጥፍ ማሳደግ የዚህን ያህል ለውጥ አያመጣም።

ቀጥሎ አንቴናው ነው። ከሬዲዮው ጋር የሚመጣው አጭር የጎማ አንቴና ለኪስ እንጂ ለሞገድ አልተመቸም። 49 ሴንቲ ሜትር ተጣጣፊ ሽቦ ቆርጦ፣ አንዱን ጫፍ ከአንቴናው ሥር ካለው የብረት ቀለበት ጋር ማሰርና ሌላውን ወደ ታች ማንጠልጠል ነው፤ መሃል ያለውን ፒን ግን እንዳይነካ! የሞገዱ ርዝመት 2 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሽቦው የሞገዱ ሩብ ይሆናል፤ ለአንቴናው የጎደለውን ግማሽ ይሞላለታል። ሲናገሩም ሬዲዮውን ከወገብ አንስቶ ፊት አጠገብ ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው፤ ሰውነት ሞገድ ይውጣል።

የድሬ ሙቀት ባትሪ ያስረጃል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ አይተዉት። ለማስተላለፍ ደግሞ ፈቃድ ግዴታ ነው።