ቤቱ ታድሶ ሙቅ ውሃው ሲዘገይ

እህቴ፣ አሠሪዎችሽ ቤታቸውን አሳድሰው ጨርሰዋል። ሴራሚኩ አዲስ ነው፤ ቧንቧው ያብረቀርቃል። አንቺ ግን ሳህን ልታጥቢ ወይም ሕፃኑን ልታጥቢ የሙቁን ውሃ ስትከፍቺ ቀዝቃዛው ይወርዳል። ትጠብቂያለሽ፤ አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ከኋላሽ ማዳም ትመጣና «ውሃውን ለምን ታባክኛለሽ?» ትላለች።

እኔም አል አይን ውስጥ በሠራሁበት አንድ ቤት ይህ ገጥሞኛል። እድሳቱ ካለቀ በኋላ የውሃ ሂሳቡ ጨምሮ መጣ፤ ጥፋተኛዋም እኔ ሆንኩ። ምክንያቱን ስለማላውቀው የምመልሰው አልነበረኝም፤ ያላጠፋሁትን ይቅርታ እጠይቅ ነበር። በኋላ የቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ የኮርኒሱን ክዳን ሲከፍት ነገሩ ታወቀ። የውሃ ማሞቂያው ከድሮ ቦታው ተነስቶ በቤቱ ሌላኛው ጫፍ ተሰቅሏል። ይህን ጽሑፍ የምጽፍልሽ አንቺ ምክንያቱን ቀድመሽ እንድታውቂ፣ ሰውም እንዳይቃጠል ነው።

ሙቁ ውሃ ለምን ይቆያል?

በአቡ ዳቢና በአል አይን ቤቶች ብዙውን ጊዜ ውሃ የሚሞቀው በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ማዳም «ሰኻን» የምትለው እሱ ነው። በኮርኒስ ውስጥ፣ በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ወይም በጣሪያ ላይ ይቀመጣል። ከማሞቂያው እስከ አንቺ እጅ ድረስ ያለው ቧንቧ ሁልጊዜ ውሃ የሞላበት ነው። ማንም ሳይጠቀምበት ሲቆይ ያ ውሃ ይቀዘቅዛል። ስትከፍቺ መጀመሪያ የሚወጣው ይኸው የቀዘቀዘው ነው። እንደ ወረፋ ቁጠሪው፤ ፊት የቆመው ሳይወጣ ከኋላ ያለው አይደርስም።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። የውስጥ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቧንቧ በ1 ሜትር ርዝመት 0.3 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ማሞቂያው 3 ሜትር ርቆ ከሆነ ቀድሞ የሚወጣው ቀዝቃዛ ውሃ 1 ሊትር ያህል ብቻ ነው። 15 ሜትር ከራቀ ግን 5 ሊትር ይጠጋል። ቧንቧው በደቂቃ 6 ሊትር የሚያወርድ ከሆነ ወደ 50 ሴኮንድ ትጠብቂያለሽ። በደቂቃ 3 ሊትር ብቻ የሚያወርድ ከሆነ ደግሞ ከ1 ደቂቃ ተኩል በላይ ትጠብቂያለሽ። ቀዝቃዛው ቧንቧ ራሱም ከሙቁ ውሃ ላይ ሙቀት ስለሚወስድ፣ በተግባር ጊዜው ከዚህ ትንሽ ይረዝማል።

እድሳቱ ምን ለወጠ?

አንደኛ፣ ማሞቂያው ቦታ ቀይሮ ወይም ቧንቧው በኮርኒስ ዙሪያ ተጠምዝዞ ይሆናል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ጥበቃው ይረዝማል።

ሁለተኛ፣ አዲሱ ቧንቧ ውሃ ቆጣቢ ሊሆን ይችላል። በአፉ ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት ውሃውን ከአየር ጋር ቀላቅላ ታሳንሰዋለች። ውሃ ለመቆጠብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በረጅም ቧንቧ ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ወጥቶ እስኪያልቅ ጊዜ ይወስዳል።

ሦስተኛ፣ ሠራተኞቹ ሲቆርጡና ሲገጥሙ አሸዋ፣ የሲሚንቶ ፍርፋሪና የፕላስቲክ ልጣጭ ቧንቧ ውስጥ ይገባል። ይህ ሁሉ ተገፍቶ መጥቶ ወንፊቷ ላይ ይከማቻል። በዚህ ጊዜ ውሃው እየቀጠነ ይሄዳል።

አራተኛ፣ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው የሙቅ ውሃ ቫልቭ ለሥራ ተዘግቶ በግማሽ ብቻ ተከፍቶ ቀርቶ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ቀዝቃዛው ወደ ሙቁ መስመር እየገባ ይሆናል። በአንዳንድ ቤት ሸጣፉ ሙቅና ቀዝቃዛ ከሚቀላቅል ቧንቧ ጋር ይገጠማል። ሰው የሸጣፉን እጀታ ለቆ ግድግዳው ላይ ያለውን መዝጊያ ክፍት ከተወው፣ ሁለቱ ውሃዎች እዚያ ውስጥ ይገናኛሉ። ያኔ በሌላ ክፍል የሚመጣው ውሃ ለብ ያለ ብቻ ይሆናል፤ ብትጠብቂም አይሞቅም።

ስድስተኛ፣ በትልልቅ ቪላዎች ሙቁን ውሃ በቧንቧ ውስጥ የሚያዞር ትንሽ ፓምፕ አለ። ከእድሳት በኋላ ጠፍቶ ከቀረ ወይም ሰዓቱ ከተዛባ፣ ድሮ ወዲያው ይመጣ የነበረው ውሃ መዘግየት ይጀምራል።

በባልዲና በስልክ የሚደረግ ምርመራ

ይህን ማንም ሳይነካ፣ ምንም ሳይፈታ ማድረግ ትችያለሽ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይጠቀም፣ ባልዲ ከቧንቧው ሥር አስቀምጪ። የስልክሽን ሰዓት አስጀምረሽ የሙቁን ብቻ ክፈቺ። ሙቁ ሲደርስ ሰዓቱን አቁሚ፤ በባልዲው ውስጥ ስንት ሊትር እንዳለም እዪ። ወጥ ቤቱን፣ የልጆቹን መታጠቢያና የእንግዶቹን መታጠቢያ በየተራ፣ በተለያየ ጠዋት ሞክሪና በወረቀት ጻፊ።

ከዚያ እንዲህ አንብቢው። በባልዲው ውስጥ ብዙ ሊትር ካለ፣ መንገዱ ረጅም ነው ወይም ፓምፑ አይሠራም። ጊዜው ረጅም ሆኖ ሊትሩ ትንሽ ከሆነ፣ ወንፊቷ ተደፍናለች፣ ቫልቩ በግማሽ ተዘግቷል፣ ወይም ቧንቧው ውሃ ቆጣቢ ነው። ውሃው በደንብ እየወረደ ለብ ብሎ ብቻ ከቀረ፣ ቀዝቃዛው እየተቀላቀለ ነው፤ በመጀመሪያ የሸጣፉን መዝጊያ እዪ። የትኛውም ክፍል ጨርሶ የማይሞቅ ከሆነ፣ የማሞቂያው ማብሪያ በርቶ እንደሆነ ተመልከቺ። ብዙውን ጊዜ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ያለችው ቀይ መብራት ያላት ማብሪያ ናት።

የተጠራቀመውን ውሃ አትድፊው። ወለል ለማጠብ፣ ለአትክልት፣ ጨርቅ ለመዘፍዘፍ ይሆናል። ማዳምም ባልዲውን ስታይ ቆጣቢ መሆንሽን ትረዳለች።

ማዳም ለምን ትጨነቃለች?

በእነሱ በኩል ያለውንም ማወቅ ይጠቅማል። እዚህ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ በአብዛኛው ከባሕር ተወስዶ ጨው የወጣለት ነው። ብዙ ወጪ አለው። አል አይንን ጨምሮ በአቡ ዳቢ ኤሚሬት የአገሩ ዜጎች ለውሃ አይከፍሉም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2015 ጀምሮ ግን እነሱም ይከፍላሉ። ሂሳቡ አረንጓዴና ቀይ ደረጃ አለው፤ ከተወሰነው መጠን በላይ የተጠቀመ በቀዩ፣ ማለትም በውዱ ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ በየቀኑ ብዙ ጊዜ 5 ሊትር ሲፈስ የምታይ ሴት ብትቆጣ አያስገርምም። የምትቆጣው ግን በቧንቧው መሆን ሲገባው በአንቺ ነው።

ዋናው አደጋ፦ ዘግይቶ በድንገት መምጣቱ

እህቴ፣ ከሁሉ በላይ ይህን ያዢ። ውሃው ሲዘገይ ሰው እጁን የሙቁ መክፈቻ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ይከፍታል። ከዚያ ሙቁ ሲደርስ በአንዴ ይደርሳል። ማሞቂያው ውስጥ ያለው ውሃ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ 60 ዲግሪ ውሃ የአዋቂ ሰው ቆዳ በ5 ሴኮንድ ያህል ክፉኛ ያቃጥላል። የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ከዚያም ፈጥኖ ይጎዳል።

ስለዚህ ሕፃን ይዘሽ ከሚወርድ ውሃ ሥር አትጠብቂ። ሕፃኑን ሳታቀርቢ ሳፋውን ወይም ገንዳውን ሙዪ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ፣ ቀጥሎ ሙቅ ጨምሪ፤ አማስለሽ በክርንሽ ሞክሪ። ክርንሽ ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማው ደህና ነው። ቧንቧውን ዘግተሽ ከዚያ ሕፃኑን አስገቢ። ስልክ ቢጮህም፣ ማዳም ብትጠራሽም ሕፃኑን ውሃ ውስጥ ጥለሽ አትሂጂ።

ሰው ከተቃጠለ፣ በተቻለ ፍጥነት ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሺበት። ልብስና ጌጥ ቆዳ ላይ ካልተጣበቀ አውልቂ። በረዶ፣ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቢ። ሕፃን ከሆነ ወይም ቁስሉ ሰፊ ከሆነ ለአምቡላንስ 998 ደውዪ።

በሙቀቱ ወራት ሌላ ነገር አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ፀሐይ ስለሚመታው የቀዝቃዛው ቧንቧ ራሱ ያቃጥላል። ብዙ ቤቶች በዚያ ጊዜ ማሞቂያውን ያጠፋሉ፤ ቤት ውስጥ ያለው ማሞቂያ ውሃው በረድ ይልለታልና «ሙቅ» የተባለውን ቧንቧ እንደ ቀዝቃዛ ይጠቀሙበታል። በእድሳቱ ማሞቂያው ወደ ጣሪያ ከወጣ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። ሁለቱንም ሳትሞክሪ አትመኚ። በዚያ ወቅት ቃጠሎ ለማብረድ የቧንቧው ውሃ ሞቃት ከሆነ ቀዝቀዝ ያለ የመጠጥ ውሃ አፍስሺ።

የማትነኪው፣ የምትናገሪው

ማሞቂያውን አትክፈቺ፤ መሰላል ላይ ወጥተሽ ኮርኒስ ውስጥ አትግቢ። እዚያ ኤሌክትሪክና ውሃ አብረው ናቸው። ከማሞቂያው ቫልቭ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ካየሽ በጨርቅም በምንም አትድፈኚው፤ ግፊት የሚያስተነፍስበት ነው። ጠብታው ከበዛ ለማዳም ንገሪ። ማሞቂያው ከጮኸ፣ እንፋሎት ካወጣ ወይም ቧንቧ ስትነኪ ከነዘረሽ ማብሪያውን አጥፍተሽ ራቂ፤ ወዲያው ንገሪ።

ማዳምን ስታነጋግሪ ጊዜ ምረጪ። በተቆጣችበት ሰዓት አትከራከሪ። ረጋ ስትል ወረቀቱን አሳይተሽ እንዲህ በያት፦ «ማማ፣ ማይ ሓር ይትአኸር፤ ላዚም ሰባክ።» ሙቅ ውሃው ይዘገያል፤ የቧንቧ ሠራተኛ ያስፈልጋል ማለት ነው። ከዚያ ቁጥሩን አሳያት። «እኔ አላጠፋሁም» ከሚለው ይልቅ «ወጥ ቤት 2 ደቂቃ፣ 6 ሊትር» የሚለው ቶሎ ይሰማል። ሥራውን የሠሩት ሰዎች ተመልሰው እንዲያስተካክሉም ይረዳታል።

መሰላል ላይ ውጪና ጠግኚ ብትባዪ በትሕትና እምቢ በዪ። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ የሚሠራበት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 9 የ2022፣ ከተቀጠርሽበት ሥራ የተለየ ሥራ ያለ ፈቃድሽ እንዳያሠሩሽ ይከለክላል። በውሃ ሂሳብ ምክንያት ደመወዝሽ ከተያዘብሽና በንግግር ካልተፈታ፣ ጉዳዩ የሚታየው በሰው ኃይልና ኤሚሬታይዜሽን ሚኒስቴር ነው፤ የሠራተኞች የምክርና የአቤቱታ ስልኩ 80084 ነው። የጻፍሽውን ወረቀት አትጣዪው። ብትመቺ ወይም ብትታገቺ ግን ወረቀት አትጠብቂ፤ ለፖሊስ 999 ደውዪ።

የቤት ሠራተኞች ጠባቂ የሆነችው ቅድስት ዚታ በ13ኛው መቶ ዘመን በጣሊያን አገር፣ በሉካ ከተማ፣ ከ12 ዓመቷ ጀምሮ እስክትሞት ድረስ በአንድ ቤት አገልግላለች። እሷም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለ ጥፋቷ ተነቅፋለች፤ በኋላ ግን የቤቱ ሰዎች ቁልፋቸውን አደራ ሰጥተዋታል። አንቺም ያላጠፋሽውን ጥፋት አትሸከሚ። ነገ ጠዋት ባልዲውን አስቀምጪና ቁጠሪ። እግዚአብሔር ከአንቺና አደራ ከተሰጡሽ ሕፃናት ጋር ይሁን።