የባልና ሚስት ፊርማ፣ የጣራው ሶላር

አገር ቤት ያለ ደመወዝተኛ ስለ ግብሩ ከትዳር ጓደኛው ጋር የሚመክርበት ምክንያት የለውም። ግብሩ ከየደመወዙ ተቆርጦ ይቀራል፤ ያገባውም ያላገባውም በአንድ ስሌት ይታያል። አሜሪካ የገባ ሰው ግን ታክስ ሊያሠራ ሲቀመጥ ከገቢው በፊት የሚጠየቀው ስለ ትዳሩ ነው፦ አግብተሃል? አብራችሁ ነው የምትሞሉት ወይስ ለየብቻ? ቤት የገዛ ከሆነ እስከ 2025 መጨረሻ ስላለቀ ሥራ ሌላም ይከተላል፦ ሶላር አስገብተሃል? መስኮት አስቀይረሃል? ጥያቄዎቹ የሚመጡት በተለያየ ገጽ ላይ ስለሆነ የሚዛመዱ አይመስሉም። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ስንት ብር እንደሚያወጣ የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

የፌዴራሉ የገቢ ግብር በ1913 ሲጀመር ላገባም ላላገባም የግብር መደቡ አንድ ነበር። በ1930 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገቢያቸውን ከሚስቶቻቸው ጋር ተካፍለው ግብር ለመቀነስ የሞከሩ ሁለት ባሎችን ዳኘ። የካሊፎርኒያው ጠበቃ ጋይ ኤርል ያገኘው ሁሉ የእኩል እንዲሆን ከሚስቱ ጋር በ1901 ተዋውሎ ነበር፤ ዳኞቹ ውሉ ከግብር አያድንም አሉት። በዚያው ዓመት የሲያትሉ ሲቦርን ያለ ምንም ውል ረታ፤ የዋሽንግተን ስቴት ሕግ የባልና ሚስትን ገቢ ከመነሻው የጋራ ስለሚያደርገው ግማሹን በሚስቱ ስም እንዲያስመዘግብ ተፈቀደለት። ስለዚህ እኩል የሚያገኙ ሁለት ቤተሰቦች አንዱ ሲያትል፣ ሌላው ኒው ዮርክ ስለኖሩ ብቻ የተለያየ ግብር ከፈሉ። ኦክላሆማ፣ ሚሺጋንና ፔንሲልቬኒያን የመሳሰሉ ስቴቶች ይህን አይተው የጋብቻ ንብረት ሕጋቸውን ወደ ዋሽንግተን ዓይነት እስከ መቀየር ደረሱ። ለሚስቶች መብት ተቆርቁረው አልነበረም። ኮንግረስ በ1948 የፕሬዚዳንት ትሩማንን ቪቶ ሽሮ በመላ አገሪቱ ያሉ ባለትዳሮች ገቢያቸውን ደምረው ለሁለት እንዲካፈሉ ፈቀደና ሩጫው ቆመ። አንዱ የሚሠራበትና ሌላው ቤት የሚውልበት ትዳር ዛሬም አብሮ በመሙላት በብዛት የሚጠቀመው ከዚያ ሕግ የተነሳ ነው።

ሶላር ላስገባ ወይም መስኮት ላስቀየረ ከግብሩ ላይ የሚቀነሰው የቤት ኃይል ክሬዲት ታሪክ ደግሞ የመሞትና የመነሳት ታሪክ ነው። በ1978 በፕሬዚዳንት ካርተር ዘመን፣ ነዳጅ አሜሪካኖችን ባሳሰበበት ጊዜ ተወለደ፤ በ1985 መጨረሻ ሞተ። በ2005 በወጣ ሕግ ተመለሰ፤ በ2008 የመስኮትና የበሩ ክፍል ተቋረጠ፤ በ2009 እስከ 1,500 ዶላር አድጎ ተነሳ፤ በ2011 ወደ 500 ወረደ። በ2022 ከመቼውም የላቀው መጣ። ለሶላር የወጪው 30 በመቶ ያለ ጣሪያ፣ ለመስኮት፣ ለበርና ለኢንሱሌሽን በዓመት እስከ 1,200 ዶላር፣ ቤት ለሚያሞቀውና ለሚያቀዘቅዘው ሂት ፓምፕ ለብቻው እስከ 2,000። ቢያንስ እስከ 2032 ይዘልቃል ተብሎ ነበር። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ግን ሁሉንም በዚያው ዓመት መጨረሻ ዘጋው። ለሶላሩ ሙሉ ክፍያ በ2025 ፈጽሞ ተከላው ጃንዋሪ 2026 ላይ ያለቀለት ሰው እንኳ አያገኝም፤ የሚቆጠረው ሥራው ያለቀበት ቀን ነው።

እስከ 2025 መጨረሻ ላለቀ ሥራ የሚጠየቀው ክሬዲት የገቢ ጣሪያ የለውም፤ የትምህርት ክሬዲቶቹ ለየብቻ የሞሉ ባለትዳሮችን ሲከለክሉ እሱ አይከለክልም። ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው። ክሬዲቱ ያለብህን ግብር ዜሮ ያደርሳል እንጂ ከዜሮ አልፎ እጅህ ላይ ገንዘብ አያስቀምጥም። በየበሩ እያንኳኳ "መንግሥት 30 በመቶውን ይመልስልሃል" ይል የነበረው የሶላር ሻጭ ይህችን ነገር አያነሳትም ነበር።

በቁጥር እንየው። በዓመት 60,000 ዶላር የሚያገኝ፣ ሚስቱ አዲስ አበባ ሆና ቪዛ የምትጠብቅ፣ ልጅ የሌለው ሰው እናስብ፤ እሷ ገቢ የላትም። ለየብቻ ከሞላ የ2025 ግብሩ ወደ 5,070 ዶላር ነው። አብረው ከሞሉ ሁለት እጥፍ የሆነው ስታንዳርድ ዲዳክሽን (ወጪ ሳይዘረዘር ከገቢ የሚቀነሰው ቋሚ መጠን) እና ሰፊው የግብር መደብ ግብሩን ወደ 2,940 ያወርዱታል። አሁን መስኮቱንም ኢንሱሌሽኑንም ሂት ፓምፑንም አስቀይሮ ሙሉውን 3,200 ዶላር ክሬዲት አገኘ እንበል። አብረው ሲሞሉ 2,940ው ይሰረዛል፤ የቀረው 260 ዶላር ግን ይህ ክሬዲት ወደ ሌላ ዓመት ስለማይሻገር በኖ ይቀራል። ያ 260 ቆጭቶት ለየብቻ የሞላ ባል ክሬዲቱን አሟጦ ይጠቀምና 1,870 ዶላር ግብር ይከፍላል። ክሬዲት እንዳይባክን ብሎ ሰባት እጥፍ መክፈል ማለት ነው።

ሶላር ከሆነ ነገሩ ይለያል። 24,000 ዶላር የፈጀ ሶላር 7,200 ያስገኛል፤ በሁለቱም መንገድ የዓመቱ ግብር ዜሮ ይሆናል። ልዩነቱ የሚታየው በተረፈው ላይ ነው። ያልተጠቀሙበት የሶላር ክሬዲት ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል፤ አብረው ለሞሉት ወደ 4,260፣ ለየብቻ ለሞላው ወደ 2,130 ዶላር ይተርፋል።

ግብሩ ከመነሻው ትንሽ የሆነበት ቤተሰብ፣ ጡረተኛም ሆነ ዝቅተኛ ደመወዝተኛ፣ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታው ጠባብ ነው። የበርክሊዎቹ ሴቨሪን ቦረንስታይንና ሉካስ ዴቪስ በ2015 ባወጡት ጥናት ከንጹሕ ኃይል ክሬዲቶች 60 በመቶ ያህሉ በገቢ ከላይኛው አንድ አምስተኛ ላይ ላሉት እንደደረሰ፣ ከታች ያሉት ሦስት አምስተኛዎች በድምሩ 10 በመቶ ያህል ብቻ እንዳገኙ አሳይተዋል። ግምጃ ቤቱ ለ2023 የግብር ዓመት ከ3.4 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦች ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደወሰዱ ሲገልጽ ስኬት ነበር ያለው። ስኬት ነው። ግን ክረምት በብርድ የሚንጫጫ አሮጌ ቤት ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ግብር ከፋይ አይደለም፤ ይህን ሕግ አውጪዎቹ ሳያውቁት ቀርተዋል ለማለት ይከብደኛል።

አብሮ መሙላት ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። አብሮ የፈረመ ሰው ለሙሉው ዕዳ ተጠያቂ ነው፤ ከተፋቱ በኋላም ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ከፈለገው ሊጠይቅ ይችላል። ባሏ ታክሲ ነድቶ ወይም ሱቅ ይዞ ያገኘውን ሳያስመዘግብ እንደቀረ የጠረጠረች ሴት በሁለት ሺህ ዶላር ጥቅም ተማርካ ባትፈርም አልፈርድባትም። የተማሪ ብድራቸውን በገቢያቸው ልክ የሚከፍሉም ለየብቻ ሲሞሉ ወርሃዊ ክፍያቸው ሊቀንስ ይችላል። ያኔ ግን አንዱ ወጪውን ዘርዝሮ ከቀነሰ ሌላው ስታንዳርድ ዲዳክሽኑን ያጣል።

አዲስ አበባ ላለችው ሚስት ደግሞ ሌላ ደጅ አለ። የውጭ ነዋሪ የሆነችን የትዳር ጓደኛ ለግብር ሲባል እንደ አሜሪካ ነዋሪ ማስቆጠር ይቻላል፤ ሁለቱም የፈረሙበት መግለጫ ይያያዛል፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ከሌላትም አይቲን የሚባለው ቁጥር ይጠየቅላታል። ቦሌ ላይ ሱቅ ካላት ግን የሱቁም ገቢ አሜሪካ ላይ ይመዘገባል። ምርጫው አንዴ ከተሻረ እነዚያው ባልና ሚስት ዳግም አያገኙትም። ወረቀቱ ለኤፕሪል 15 ካልደረሰ ለየብቻ ሞልቶ ግዴታን መወጣት ይቻላል፤ ለየብቻ የተሞላን በሦስት ዓመት ውስጥ አስተካክሎ የጋራ ማድረግ ይፈቀዳልና፤ ክሬዲቱም ያኔ እንደ አዲስ ይሰላል። አብረው የሞሉ ሰዎች ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ ወደ ለየብቻ መመለስ አይችሉም።