ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሲያተኩሰው «ምች ነው» አትበሉ

ኬሞቴራፒ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ሆስፒታሉና የተሰቀለው ግሉኮስ ነው። መድኃኒቱ ግን ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ገብቶ ያልቃል። ዙሩ በአብዛኛው በየ3 ሳምንቱ ስለሚደገም የቀሩት ቀናት የሚያልፉት ቤት ውስጥ ነው። ከደብረ ታቦር፣ ከጋይንት ወይም ከእስቴ ተነስቶ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ታክሞ ለሚመለስ ሰው አስታማሚው እናንተ ናችሁ፤ ይህን በስልካችሁ የምታነቡት ልጅ፣ እህት፣ የወንድም ልጅ።

ኬሞ የሚመታው በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ነው። ካንሰሩ እንደዚያ ነው። ግን የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚሠራው መቅኒም በፍጥነት ስለሚባዙ አብረው ይመታሉ። ፀጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለው ለዚህ ነው። ፀጉሩ ሕክምናው ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። የሚያሰጋው በዓይን የማይታየው ነው፤ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ በጣም የሚያንሰው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው።

እኛ ዘንድ ሰው ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚባለው «ምች ነው» ነው። ዳማከሴ ይታሻል፣ ብርድ ልብስ ይደረባል፣ «እስኪነጋ እንየው» ይባላል። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ግን እስኪነጋ መጠበቅ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ከፋርማሲ ቴርሞሜትር ግዙ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ ወይም ብርድ ብርድ ብሎት ከተንቀጠቀጠ፣ ቀንም ሆነ ሌሊት በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ውሰዱት። ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማስተኛት ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያድንም። በር ላይ መጀመሪያ የምትናገሩት «ኬሞ ላይ ነው» የሚለውን ይሁን፤ በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በቶሎ መጀመር አለበት።

ገጠር ላይ ሌሊት መኪና ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ የሚያደርሳችሁን ሹፌር ስልክ ቀድማችሁ ያዙ። ከተቻለ በእነዚያ ቀናት ታማሚው ከተማ ዘመድ ቤት ቢሰነብት ይሻላል።

ሌላው ፈተና ጠያቂ ነው። የታመመን አለመጠየቅ ነውር በሆነበት አገር በር መዝጋት ይከብዳል። መዝጋትም አያስፈልግም። «እትዬ፣ ሐኪሙ ስለከለከለ ነው፤ እጅዎን ይታጠቡልኝ፣ መሳሙም ለዛሬ ይቅር» ብትሉ የሚቀየም የለም። ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅ። በተቃራኒው ደግሞ ፈርቶ የሚርቅ አለ። ቲቢን «የሳንባ ነቀርሳ»፣ ካንሰርንም «ነቀርሳ» ስለምንል ሁለቱ ይምታታሉ። ካንሰር አብሮ በመብላት ወይም በትንፋሽ አይተላለፍም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መድኃኒቱ ነው፤ ለ2 ቀን ያህል በሽንትና በትውከት ይወጣል። ያን የምታጸዱ ጓንት አድርጉ፣ የቆሸሸውን ልብስ ለብቻ እጠቡ። ነፍሰ ጡር ባትነካው ይመረጣል።

ምግብ ላይ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅር። አፉ ለቆሰለ ሰው በርበሬ ያለው ወጥ እሳት ነው፤ አልጫ ሽሮ፣ የድንች ቅቅል፣ ለብ ያለ የገብስ አጥሚት ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ቶሎ ቶሎ ስጡት። አፉን በቀጭኑ በተበጠበጠ የጨው ውሃ ይጉመጥመጥ። የቡና ቁሌትና የዕጣን ሽታ የሚያቅለሸልሸው ከሆነ ቡናው ውጭ ይቆላ። ጾም ከሆነ የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ አላቸው። ጠበልና የባህል መድኃኒትም ካለ ለሐኪሙ ተነግሮት ይሁን። በዚህ ሰበብ ግን ዙር አይዘለል።

አሁን ስልካችሁን ክፈቱና ኬሞ የተሰጠበትን ቀን መዝግቡ። 7ኛውን ቀን አላርም ሙሉበት፣ የሆስፒታሉንና የሹፌሩን ቁጥር አስገቡ። ሌሊት ትኩሳት ሲነሳ «እስኪነጋ» የሚል ትልቅ ሰው ቤት ውስጥ አይጠፋም። በአክብሮት ተከራከሩት፤ ግን ታማሚውን ይዛችሁ ውጡ።